ለጥላዬ ሦስት ክፍል

(በአንድ የአዲስ አበባ ሬዲዮ ጣቢያ የመቅረጫ ክፍል፣ ከሰዓት በኋላ፤ ጡረተኛው የድምፅ ቴክኒሻን አቶ ልሳነወርቅ ኮፍያቸውን ሳያወልቁ፣ ስለ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አጀማመርና ስለ ቀድሞ ባልደረባቸው ስለ ጥላዬ ተከታታይ ዝግጅት ከምትሠራው ከትርሲት ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።)

ልሳነወርቅ፦ ለጥላዬ ሦስት ክፍል፤ ለእኔ አንድ ዐረፍተ ነገር። እርሷም «ባልደረባቸው ከነበሩት መካከል» ብላ የምትጀምር።

ትርሲት፦ ስምዎን ጠርቻለሁ፣ ጋሽ ልሳነወርቅ።

ልሳነወርቅ፦ ጠርተሻል፤ ሳል ይዞሽ። «ልሳነ» ካልሽ በኋላ የቀረውን ሳልሽ ዋጠው።

ትርሲት፦ ያን ዕለት ጉንፋን ይዞኝ ነበር።

ልሳነወርቅ፦ የጥላዬን ስም ከነአያቱ ስትጠሪ ግን ጉንፋኑ ሻል ብሎሽ ነበር።

ትርሲት፦ ምን ላድርግ? የእርሳቸው ሥራ በእጄ አለ። የእርስዎ የት አለ?

ልሳነወርቅ፦ አንቺ ስለ ፓሪስና ስለ ኮሎኝ ሬዲዮ ጣቢያዎች፣ ቴፕ እየቆረጡ ስለቀጠሉት ፈረንጆች አሳምረሽ አወራሽ። እኛም እዚሁ፣ በዚሁ ግቢ፣ በምላጭና በማጣበቂያ ስንቆርጥና ስንቀጥል ኖረናል። መስመር መሞከሪያ ማሽን ነበረን፤ «ጢ» ከማለት በቀር ሌላ የማያውቅ። እርሱን የባቲ ቅኝት ያስጠናሁት እኔ ነኝ። ጥላዬ ማሽኑን በነካካበት በዚያው ክረምት።

ትርሲት፦ ቴፑስ?

ልሳነወርቅ፦ ቴፕ ያን ጊዜ ብርቅ ነበር። የእኔን ደምስሰው ስለ ድንች በሽታ ትምህርት ቀዱበት።

ትርሲት፦ አላዘኑም?

ልሳነወርቅ፦ ገበሬው ተጠቅሟል ብዬ ተጽናናሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ድንች አልቀምስም።

ትርሲት፦ እንግዲህ እርስዎው ይፍረዱኝ። የሌለ ድምፅ በሬዲዮ እንዴት አሰማለሁ? «ላም አለኝ በሰማይ» እያልሁ ግማሽ ሰዓት ልሙላ?

ልሳነወርቅ፦ ሌላው ወተቷን አላየ ይሆናል እንጂ እኔ ጠጥቻለሁ።

ትርሲት፦ ከልብዎ ይንገሩኝ። የሚያንገበግብዎት ምኑ ነው?

ልሳነወርቅ፦ ካባው።

ትርሲት፦ እሑድ ለሽልማት የምንደርብላቸው?

ልሳነወርቅ፦ ጥልፉ ከፊት እስከ ግርጌ ይወርዳል። ትከሻው ግን ሰፍቷል። ጥላዬ ከዱሮም ትከሻ የለውም።

ትርሲት፦ የት አይተውት?

ልሳነወርቅ፦ ልብስ ሰፊው ቤት ለሌላ ጉዳይ ጎራ ብዬ ነበር።

ትርሲት፦ ጋሽ ልሳነወርቅ፣ ለብሰውታል?

ልሳነወርቅ፦ ሰፊው ነው የደረበልኝ፤ ልክ የሚሞክርበት ሰው ቸግሮት። እንደ ተሰፋልኝ ሆነ።

ትርሲት፦ «ቅንዓት አጥንትን ያነቅዛል» ይላል መጽሐፉ።

ልሳነወርቅ፦ የእኔን አጥንት ጨርሶ ወደ መቅኒው ገብቷል። ለመሆኑ ጋዜጣው ስለ ጥላዬ የጻፈውን አይተሻል? «ከማሽን አንደበት የፈለቀ የመላእክት ልሳን» ይላል።

ትርሲት፦ አላጋነነም። ያን ድምፅ መጀመሪያ ስሰማው እኔም ደንግጫለሁ። የሰው ይመስላል፤ ግን የሰው ቋንቋ አይደለም።

ልሳነወርቅ፦ ቆራሌው ነው።

ትርሲት፦ ምን አሉኝ?

ልሳነወርቅ፦ ጠዋት ጠዋት በጣቢያው አጥር ሥር ጠርሙስና ቆርቆሮ የሚሰበስብ ሰው ያልፍ ነበር። ጥላዬ ማይክራፎን በመስኮት አውጥቶ ሰውየው «ቆራሌው» ሲል ቀዳው። አንቺ ገለበጥሽውና መልአክ ሆነ።

ትርሲት፦ እኔ? ምኑን ነው የገለበጥሁት?

ልሳነወርቅ፦ ቴፑን። በተላለፉት በሁለቱም ክፍሎች ከጭራው አጫውተሽዋል።

ትርሲት፦ አይሆንም። ከሣጥኑ አውጥቼ እንዳለ ነው የጫንሁት።

ልሳነወርቅ፦ እንዳለ መጫንሽ ነው ጥፋቱ። በእኛ ወግ ተጫውቶ ያለቀ ቴፕ ወደ መጀመሪያው አይጠመጠምም። ጭራው ወደ ውጭ እንደሆነ ይቀመጣል፤ ለቴፑ ጤና ይበጃል። ማጫወት የፈለገ ሰው ነው መልሶ የሚጠመጥመው። ጫፉ ላይ ቀይ ጥብጣብ አልነበረም?

ትርሲት፦ ነበር። ለጌጥ መስሎኝ ነበር።

ልሳነወርቅ፦ ቀይ ማለት «እዚህ አለቀ» ማለት ነው። በዚያ ቤት ለጌጥ የተቀመጠው ሥራ አስኪያጁ ብቻ ነበር።

ትርሲት፦ ቴፑን ሳያዩ ይህን በምን አወቁ?

ልሳነወርቅ፦ በደወሉ። ደወል ሲመታ መጀመሪያ ይጮኻል፤ ከዚያ እየረገበ፣ እየረገበ ይሞታል። የአንቺ ደወል ግን ከዝምታ ተነሥቶ እያበጠ ይመጣና ጫፍ ሲደርስ ቁርጥ ይላል። እንዲህ ያለ ደወል ከየትኛው ደብር ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

ትርሲት፦ እኔ እኮ በዚያ እብጠት ላይ ረዥም ትንታኔ ሰጥቻለሁ።

ልሳነወርቅ፦ «ጊዜን ወደ ኋላ የመመለስ ናፍቆት» ነበር ያልሽው። ሳታውቂው ያገኘሽው እርሱን ብቻ ነው።

ትርሲት፦ ቆይ። ቆይማ። ቢሾፍቱ ቤታቸው ሄደን ያሰማናቸው ዕለት...

ልሳነወርቅ፦ ጥላዬን? ጥላዬ ከደነቆረ ቆየ እኮ።

ትርሲት፦ አይሰሙም፤ አውቃለሁ። ንዝረቱን በመዳፋቸው ሊያዳምጡ እጃቸውን ድምፅ ማጉያው ላይ አሳረፉ። ጥቂት ቆዩና እጃቸውን አንሥተው «ይህ የእኔ አይደለም» አሉን።

ልሳነወርቅ፦ እናንተስ?

ትርሲት፦ ትሕትና መሰለን። አጨበጨብንላቸው።

ልሳነወርቅ፦ እርሱ መልሶ ምን አለ?

ትርሲት፦ «የእኔ አይደለም እኮ» አሉ። አድናቆታችን ባሰ። እንዲያውም ቃላቸውን የዝግጅቱ መክፈቻ አደረግሁት።

ልሳነወርቅ፦ ሰማሁት እንጂ። አገር ሁሉ «ምን ያለ ትሑት ሰው ነው» ሲል ሰነበተ። ጥላዬና ትሕትና! በሥራ ዘመናችን ወደ እኔ ዞሮ «ምቀኛ አታሳጣኝ» እያለ ይጸልይ የነበረ ሰው።

ትርሲት፦ ጸሎታቸው ሰምሯል ማለት ነው።

ልሳነወርቅ፦ ሰምሯል። አንድ ቀን እንኳ አላጎደልሁበትም።

ትርሲት፦ ታዲያ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ካወቁ ምነው ስልክ አልመቱልኝ? አሁን ሁለቱ ክፍሎች ካለፉ በኋላ፣ ጅብ ከሄደ... ተረቱን ልጨርሰው አልደፍርም።

ልሳነወርቅ፦ ጨርሺው። ውሻው እኔ ነኝ። ሳልጮኽ የቀረሁት አውቄ ነው፤ ምስጋናው ከፍ እስኪል ጠበቅሁ። ከበርጩማ ላይ ቢወድቅ ምኑ ይጎዳል?

ትርሲት፦ ምን ያለ ክፋት ነው፣ በዚህ ዕድሜ?

ልሳነወርቅ፦ ዕድሜ ሲገፋ ትዕግሥት ይጨምራል። አሁን የመጣሁበትን ስሚኝ። እሑድ ካባው ሳይደረብ በፊት በሦስተኛው ክፍል ትናገሪያለሽ፦ መልአኩ ቆራሌው ነው፤ ደወሉ ተገልብጧል፤ ያደነቃችሁት የአጫዋቹን ስሕተት ነው። ቀጥለሽም በዚህ አገር ማሽን ዜማ ያስጠናው ቀዳሚው ሰው ልሳነወርቅ ነው ትያለሽ።

ትርሲት፦ ስሕተቱ የእኔ ነው፤ እናገራለሁ። ከመናገሬ በፊት ግን በደንቡ ልስማው። ቴፑ ይኸው።

ልሳነወርቅ፦ ምን ይጠቅምሻል? ተራ ነገር ነው።

ትርሲት፦ ሰምተውታል?

ልሳነወርቅ፦ ለባልደረቦቹ ሲያሰማን መግቢያውን ሰማሁ። ከዚያ ራሴን አመመኝና ወጣሁ።

ትርሲት፦ ከዚያ በኋላስ?

ልሳነወርቅ፦ ከዚያም በኋላ ያመኝ ነበር። ቀስ በዪ፤ አትጎትቺው፣ ይበጠሳል። እንደዚያ። መልሰሽ ጠምጥሚው። አሁን ልቀቂው።

ትርሲት፦ ደወሉ። እውነትም መታና ረገበ።

ልሳነወርቅ፦ አላልሁሽም? ማንም የሚመታው ደወል።

ትርሲት፦ ቆራሌውም መጣ። ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ልሳነወርቅ፦ ጠርሙስ ሰብሳቢ። እኔ የወጣሁት እዚህ ላይ ነው።

ትርሲት፦ ላቁመው?

ልሳነወርቅ፦ ምን አስቸኮለሽ? የ«ጢ»ው ማሽን ምን እያደረገ ነው?

ትርሲት፦ የሚመልስለት ይመስለኛል። ሰውየው ሲጣራ፣ ከማዶ ሰፈር «አቤት» እንደሚል ሰው...

ልሳነወርቅ፦ ዝም በዪ እስቲ።

ትርሲት፦ እሺ።

ልሳነወርቅ፦ ይህን በምላጭ ሲቆርጠው አጠገቡ ነበርሁ። መቁረጫ ቦታውን ደጋግሞ ይለካ ነበር፤ ሳቅሁበት። መገጣጠሚያው የት ላይ ነው? ይሰማሻል?

ትርሲት፦ እኔ አልሰማሁም።

ልሳነወርቅ፦ እኔም አልሰማሁም።

ትርሲት፦ ሰውየው እየራቀ ነው። አሁንማ ጨርሶ ሄደ፤ ማሽኑ ብቻውን ቀረ።

ልሳነወርቅ፦ እየጠራው እኮ ነው። ያ «ጢ» የሚል ቆርቆሮ፣ ሰውየውን «ቆራሌው» እያለ እየጠራው ነው።

ትርሲት፦ ቀዩ ጥብጣብ ደረሰ። አለቀ።

ልሳነወርቅ፦ አዎን።

ትርሲት፦ ምነው? ራስዎን አመመዎት?

ልሳነወርቅ፦ ዛሬ አላመመኝም።

ትርሲት፦ እኔ ከገለበጥሁት እጅግ ይበልጣል።

ልሳነወርቅ፦ ስለዚህ ተዪው።

ትርሲት፦ ምኑን?

ልሳነወርቅ፦ እርማቱን። እንደ ተገለበጠ ይቅር። ሕዝቡ መልአኩን ከወደደ አንቺ ምን ቸገረሽ?

ትርሲት፦ «ስሕተቱን ተናገሪ» እያሉ ደጄ ድረስ የመጡት እርስዎ አይደሉም?

ልሳነወርቅ፦ ያን ጊዜ የሚዋረድ መስሎኝ ነበር። ይህ ከተላለፈማ አንድ ካባ አይበቃውም።

ትርሲት፦ ሰውየው «የእኔ አይደለም» እያሉ በማያውቁት ድምፅ ላሸልማቸው? አላደርገውም፤ ቢቆጡኝም አላደርገውም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። የእርስዎ ሥራ እንዲህ ነበር?

ልሳነወርቅ፦ የእኔ ልክ ነበር። ቅኝቱ ንቅንቅ አይልም፤ ያለቦታዋ የገባች አንዲት «ጢ» አልነበረችበትም።

ትርሲት፦ የጠየቅሁዎት እርሱን አይደለም።

ልሳነወርቅ፦ የጠየቅሽኝን አውቄዋለሁ። የእኔ ቴፕ ሲደመሰስ በዚያ ሁሉ ሠራተኛ መካከል «ወይኔ» ያለ አልነበረም። የእርሱን ደምስስ ሲባል ግን የቴፕ ክፍሉ ኃላፊ ከመደርደሪያ ጀርባ ደበቀው። ያ ኃላፊ የእኔ የክርስትና አባት ነበር፤ የጥላዬ አልነበረም።

ትርሲት፦ እንግዲያውስ እሑድ ቀዳሚው ማን ነበር ልበል?

ልሳነወርቅ፦ አንቺ አትበዪ። ከሌላ አፍ ከሰማሁት ያንቀኛል። እኔው መጥቼ «ጥላዬ ቀደመኝ» እላለሁ።

ትርሲት፦ እርሳቸው ባሉበት?

ልሳነወርቅ፦ ስለማይሰማ አይደል የደፈርሁት። የሚሰማ ቢሆን ኖሮ ይህችን ቃል ይዣት መቃብር እወርድ ነበር።

ትርሲት፦ ልደብቅዎት አልፈልግም፣ ጋሽ ልሳነወርቅ። አይስሙ እንጂ የሰው ከንፈር ያነባሉ።

ልሳነወርቅ፦ እንዲያ ከሆነ ፊት ለፊቱ አስቀምጪኝ፤ ቀስ ብዬ እናገራለሁ።