ቀለሙ ሲፋቅ

ወደ ጉርድ ሾላ በምትሄደው ውይይት ታክሲ ውስጥ፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ጎልማሳ የኤሌክትሪክ ጊታር አቅፎ ከጓደኛው ጋር ያወራል።

«ሻጩ አገሩ የገባ ፈረንጅ ትቶልኝ የሄደ ነው ብሎ፣ በእናቱ ምሎ ነው የሸጠልኝ። ቤት ወስጄ የጀርባውን ቀለም ብፍቀው የቀበሌ ኪነት የንብረት ቁጥር ወጣ!»

«ተሰርቆ ነዋ! ሳትያዝ ለቀበሌው መልስ።»

«ለማን? ቁጥሩን ጨርሼ ስፍቀው ከሥሩ ምን አገኘሁ መሰለህ? ወንድሜ በሚስማር የጫረውን የራሱን ስም!»

«ያ በቤት ለቤት አሰሳው ጊዜ ቀበሌዎቹ የወሰዱበት ጊታር?»

«እሱ ራሱ! ከቤታችን ነጥቀው የወሰዱትን እኔው ገዛሁት። ደግሞ ልመልስላቸው?»

«ኧረ ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ!»

ባለፈው ወር ከማላውቀው ሰው የገዛሁትን የእጅ ሰዓት በኮቴ እጅጌ ሸፈንኩት።