የተመረቀው ካርድ

ከአምደወርቅ ወደ ሰቆጣ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠ አንድ መምህር ጭኑ ላይ ትንሽ ካርቶን አስቀምጧል። አጠገቡ ያለችው የኮምፒውተር ባለሙያ ናት።

«ግራፊክስ ካርድ ነው?»

«አዎ፤ ወላጆች ባዋጡት ገንዘብ ለትምህርት ቤታችን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ባለ 128 ሜጋባይቱን ትቼ ባለ 256ቱን አነሳሁ። ግን እየቆመ አስቸገረኝ፤ አሁን ሱቁ ይቀይርልኝ እንደሆነ ልጠይቅ ነው።»

«መረጃው የሚያልፍበትን የሜሞሪውን መተላለፊያ ስፋትስ አዩት?»

«እሱን እንኳ አላየሁም።»

«ይኸው፣ ካርቶኑ ላይ 64 ቢት ይላል። የተዉት ባለ 128 ሜጋባይቱ ግን መተላለፊያው 128 ቢት ነው፤ ይፈጥናል። የአበርገሌን መንገድ ያስቡ፤ መኪናው ቢተልቅ በጠባብ መንገድ ምን ያደርጋል?»

«ለካ ለዚህ ነው! በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ስክሪኑ ላይ የሚመታው ልብ ቀጥ ይላል። ተማሪዎቹ ‹መምህር፣ ሰውየው ሞተ› ይሉኛል።»

«ለወላጆቹ ይንገሯቸዋ።»

«እህቴ፣ ‹እጥፍ ነው› ብያቸው ሽማግሌዎቹ ቆመው መርቀውኛል! በምን አፌ?»

መንገድ ላይ አንድ አዛውንት ተሳፈሩ።

«መምህር! ያ የመረጥክልን ዕቃ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ አባባ።» ካርቶኑን ከወንበሩ ሥር ገፋው።

«ዕውቀትህን ይባርክልህ! እንዳኮራኸን ያኩራህ!»

ተሳፋሪው ሁሉ «አሜን» ሲል፣ እኔ እንዳልሰማ ሆኜ የመስኮቱን አቧራ በእጄ ጠረግሁ።