የሁለት ጣውላ አንድ ልክ

አርባ ዓመት በአናጢነት የኖሩት አዛውንት ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ መጋዝ አላነሡም። ፊታቸው ከሟች ባለቤታቸው የጨርቅ ሱቅ መደርደሪያ የተነቀሉ ሁለት ጣውላዎች ተጋድመዋል። ከዚሁ እንጨት ለአሥራ አንዱ የልጅ ልጆቻቸው እኩል እኩል በርጩማ ሊሠሩ ለራሳቸው ቃል ገብተዋል። በልማዳቸው ሲለኩት ግን ለአሥር ብቻ ነው የሚበቃው። አንዱን ልጅ ማስቀረት ደግሞ አንዱን ቤት ማስኮረፍ ነው፤ የልጆቻቸውን ኩርፊያ አሳምረው ያውቁታል።

በቅርቡ የተዳረችው ምራታቸው፣ መምህርቷ፣ ዝናብ አሳድዷት ዘው ያለችው ይህን ጊዜ ነበር።

«ምነው አባባ፣ አሞዎት ነው?»

«ያመመኝስ ይሄ ጣውላ ነው! አንዱ ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት ሳንቲ ሜትር፣ ሌላው መቶ ሰማንያ። በየአርባው ስቆርጠው ከዚህ ስድስት፣ ከዚያ አራት። ትራፊው ለማገዶ።»

«ለምን በየአርባው?»

«የበርጩማ መቀመጫ አርባ ነዋ! አባቴም አርባ ነበር የሚቆርጠው።»

«ካልተቆጡኝ፣ ሁለቱንም ያለ ትራፊ የሚጨርስ ትልቁን ልክ እንፈልግ። ትልቁ የጋራ አካፋይ ይባላል።»

«የኔ ልጅ፣ ዓይኔ ሜትሬ ነው። በአካፋይሽ ተማሪዎችሽን አስጨንቂበት።»

መምህርቷ አልተቀየመችም። እኚህን ሰው በጠመኔ መርታት እንደማይቻል ገብቷታል።

«እሺ፣ ቁጥሩን እንተወው። አጭሩን ጣውላ ረጅሙ ላይ ያስተኙልኝ።»

አስተኙ። እሷ የረጅሙን ትርፍ በሲባጎ ለክታ ሲባጎውን በልኩ ቆረጠች። «አሁን በዚህ ሲባጎ አጭሩን ይለኩት።»

ሁለት ጊዜ ገባና ትንሽ ተረፈ። «በዚያች ትራፊ ደግሞ ሲባጎውን ይለኩት።»

ልክ ሁለት ጊዜ ገባች፤ የተረፈ የለም።

«ይቺው ናት! አጭሩ ጣውላ ሁለት ሲባጎና ይቺ ትራፊ ነው፤ ረጅሙ አጭሩና አንድ ሲባጎ። ስለዚህ ሁለቱንም ትጨርሳለች።»

ትራፊዋን በሜትር ለኳት፤ ሠላሳ ስድስት ሳንቲ ሜትር። ከረጅሙ ሰባት፣ ከአጭሩ አምስት። ሽማግሌው በጣታቸው ሁለት ጊዜ ቆጠሩ፤ አሥራ ሁለት። ደስ ቢላቸውም እንዲህ በቀላሉ እጅ መስጠት ከበዳቸው።

«ቆይ፣ መጋዝ ሲቆርጥ የሚበላውን እንጨትስ መጽሐፍሽ ቆጥሮታል?»

«አልቆጠረውም» አለች አፍራ።

«እሱን ለኔ ተዪው!» ደረታቸው ተነፋ። «ከእያንዳንዱ ሦስት ሚሊ እቀንሳለሁ። ከሁሉም እኩል ስለሚጎድል የሚያኮርፍ የለም። ግን ከአርባ ያነሰ በርጩማ አይጠብም?»

«የሚቀመጡት ስንት ዓመታቸው ነው፣ አባባ?»

ሳቁ። እውቀት እንዲህ ነው፤ ባለሙያውን ሳያዋርድ ሲመጣ በሩ አይዘጋበትም። ሰውየው እንዲያውም ጥያቄ ጨመሩ።

«ሾፌሩ ልጄ በየስድስት ቀኑ ይመጣል፣ ነርሷ በየስምንት። ዛሬ ሁለቱም እዚህ ናቸው። ደግሞ መቼ ይገናኛሉ?»

«የስድስትና የስምንት ትንሹ የጋራ ብዜት ሃያ አራት ነው። በሃያ አራተኛው ቀን።»

እሳቸው ግን አላመኑም፤ ለሾፌሩ በየስድስት፣ ለነርሷ በየስምንት ምስማር ደርድረው ቆጠሩ፤ ሃያ አራት ላይ ገጠመ።

በሃያ አራተኛው ቀን ቤተሰቡ አንድም ሳይጎድል ተሰበሰበ። ለማገዶ የሄደ እንጨት የለም፤ የከፋው ልጅም፣ ያኮረፈች እናትም የለችም። አዛውንቱ ልጆቻቸውን ሰብስበው «ልጆቻችሁን ሒሳብ አስተምሩ፤ እኔ ዘግይቼ ነው ያወቅኩት» አሉ። አሥራ አንዱ ልጆች ተቀመጡ። አሥራ ሁለተኛዋ በርጩማ ባዶ ቀረች።

«ይቺ የኔ ናት» አሉ አያት።

«የርስዎስ አይደለችም» አለች መምህርቷ ጆሯቸው ሥር። «ባለቤቷ ሊወለድ ገና ሰባት ወር ይቀረዋል።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያን ቀን እኔም አላውቅም ነበር።»

ሽማግሌው እንባቸውን ለመደበቅ አልሞከሩም። በርጩማዋን ከልጆቹ ግፊያ አወጡና ሁሉም እስኪሄዱ ድረስ በጉያቸው ይዘዋት ተቀመጡ።