ጀርባው ላይ ስም የሌለው ማሊያ

ክሎቲል የኔ እህት፣ እንዴት ዋልሽ? ዛሬ ሰኞ መሆኑን አፍንጫዬ ነው የነገረኝ። ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ድረስ የሰኞ ቀይ ባቄላሽ ሸተተኝና ማድረቂያውን እንኳ ሳላጠፋ መጣሁ። ሩዙን ጨምሪልኝ እንጂ፣ ምነው ዛሬ እጅሽ አጠረ? ቋሊማውንም ጣል አድርጊበት። ጉልበትሽ ተሻለሽ? የኔን እንኳ ተይው፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የነዚህን ልጆች ጭቃ ማሊያ ሳጥብ ጉልበቴ ከኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል።

እዚሁ አንቺው አጠገብ ልቀመጥ፣ እያወራን ትሠሪያለሽ። እንግዳ አለ ለካ። አይነሱ ጌታዬ፣ ጋዜጣዎን ያንብቡ፣ የኛ ወሬ የጓዳ ወሬ ነው፣ እርስዎን አይመለከትም… ትሁት ሰው ናቸው አይደል ክሎቲል? ኮፍያቸውም እንዴት ያምራል።

እኔ የምልሽ፣ ሮኔል ዛሬ ምሳ በላ? አልበላም? አውቄዋለሁ። ሁለት ሰሃን ጠርጎ ሦስተኛውን በዓይኑ የሚለምንሽ ልጅ፣ አሁን ሹካውን ይዞ ግድግዳ ያያል። ሐሙስ ደረሰ እኮ። ትልልቆቹ የአሜሪካ ፉትቦል ክለቦች ከየኮሌጁ የሚፈልጉትን ልጅ በቴሌቪዥን ስሙን እየጠሩ ሊመርጡ ነው። ሐሙስ ካልተጠራ ዓርብ፣ ዓርብ ካልተጠራ ቅዳሜ… ቅዳሜ ካልተጠራ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ከአጎቱ ጋር ሽሪምፕ ማጥመጃ ጀልባ ላይ ነው። የጎማ ቦቲውን ገዝቶ አልጋው ሥር አስቀምጧል። ጀልባ ነውር ሆኖ አይደለም፣ እኔንም አባቴ በጀልባ ነው ያሳደገኝ። ግን አራት ዓመት ሙሉ ያንን ሁሉ ሰው እየገጨ የጣለ ልጅ ቦቲ ገዝቶ ሲጠብቅ ሳየው ሆዴ ይባባል።

ስለሱ ሳስብ አንድ ትልቅ ሰው ትዝ አሉኝ። ስም አልጠራም፣ ሰው በስሙ መጥራት ምን ይጠቅማል? የተጫዋች መልማይ ናቸው። ይሄን የኛን አካባቢ ከባሕሩ ጀምሮ እስከ ላይኛው ወንዝ ብቻቸውን ነው የሚዞሩት። እንደኛ ወዳለ ትንሽ ኮሌጅ ማን ብሎ ሌላ ሰው ይልካል? እሳቸው የጻፉትን ወረቀት ትልልቆቹ አንብበው፣ ይሄ ይጠራ ይሄ ይቅር ይላሉ። አስቢው እስቲ ሥልጣኑን። ይሄን ሁሉ ይዘው ትዕቢት የሚባል ነገር የለባቸውም፣ ማንንም አያስቸግሩም።

የድሮዎቹን መልማዮች ታስታውሻቸዋለሽ አይደል? ሥርዓት የሌላቸው። ማጠቢያ ማሽኔ ላይ ቁጢጥ ብለው፣ “ሚስ አዜሊ፣ ማሊያውን መሬት ላይ የሚወረውረው የትኛው ነው? አጣጥፎ የሚሰጥሽስ?” ይሉኝ ነበር። አንቺን ደግሞ ትሪውን ማን እንደሚመልስ፣ ማን እንደሚያመሰግንሽ፣ ማን ሲሸነፍ ምግብ እንደሚገፋ ሲጠይቁሽ ሾርባሽ ያር ነበር። እኚህ ግን አንድ ቀን እንኳ ደጃችን አልደረሱም። እግዜር ይስጣቸው፣ ሥራ አላስፈቱንም። ደግሞስ ከኛ ምን ሊገኝ ነው? አንቺ ባቄላ ታማስያለሽ፣ እኔ ማሊያ ላይ ቁጥር እሰፋለሁ።

ጥንቃቄያቸውን ግን በመጋቢት፣ በልኬቱ ቀን፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጆቹን በቁምጣ አሰልፈው መዳፋቸውን ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት እየዘረጉ ሲለኩ… የሠርግ ልብሴን የሰፋችው ሴትዮ እንኳ እንዲያ አልለካችኝም። ሮኔል ሮጠ። የሩጫ ሰዓታቸውን አዩት፣ ነቀነቁት፣ ወደ ጆሯቸው አስጠጉት። “ድገመው” አሉት፣ ደገመው፣ ያው ወጣ። ለሰዓቱ ሁለተኛ ዕድል ሰጡት ማለት ነው። ደግ አይደሉም ታዲያ? ለዕቃ የሚራራ ሰው ስንት ነው?

ከዚያ ደግሞ አስቀምጠው ጥያቄ ጠየቁት። “እንስሳ ብትሆን ምን ትሆን ነበር?” አሉት አሉ። የተጫወተበትን ቁጥር አልጠየቁትም፣ ለምን ብለው ይጠይቁታል? እሱም በየዋህነቱ “በቅሎ” አላቸው። ለምን ቢሉት፣ “የሰጧትን ትሸከማለች፣ ብዙ አታወራም” አላቸው። ጻፉት። የማይጽፉት ነገር የለም፣ እጃቸው ፈጣን ነው። ዓይናቸው እስኪደርስባቸው እንኳ አይጠብቁም።

ለእንግዳችን ቀዝቃዛ ሻይ ጨምሪላቸው እስቲ። ቃሪያው ሳይበዛባቸው አልቀረም፣ ጆሯቸው ቀላ።

ምን እያልኩሽ ነበር… አዎ፣ ባለፈው ሳምንት ምክትል አሰልጣኙ ወደኔ ክፍል መጣና ፎጣ ክምር ላይ ዘጭ አለ። ሰውየው ስለ ሮኔል የጻፉትን በስልክ ነግረውት ነበር። “የመጨረሻዎቹን ስምንት ጨዋታዎች ፊልም አንድ በአንድ አየሁ፣ ሃምሳ አራት ቁጥር በቁምጣ አንበሳ ነው፣ ሄልሜት ሲያጠልቅ ግን ፈሪ ነው። ኳስ ይዞ የሚመጣበትን ከመጣል ይልቅ መንገድ ይለቅለታል” ብለውታል። መጀመሪያ ሳቅሁ። እውነቴን ነው ክሎቲል፣ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ቀጥሎ ግን እንባዬ መጣ።

ሃምሳ አራት ቁጥር ማን ሆነና? ነሐሴ ላይ በታተመችው የተጫዋቾች ዝርዝር፣ አዎ፣ ሃምሳ አራት ሮኔል ነው፣ ሃምሳ ዘጠኝ ማሎይ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎችም እንዲያው ነው የተጫወቱት። ከዚያ የማሎይ አባት መጣ። እሱ ወጣት ሆኖ እዚሁ ሃምሳ አራት ነበር የሚለብሰው። አዲሱን የውጤት ሰሌዳ ያሠራልንም እሱ ነው፣ ልጄ የኔን ቁጥር ቢለብስ ደስ ይለኛል አለ። ማን እምቢ ይለዋል? ሮኔልን ጠሩት። ሌላ ልጅ ቢሆን ያኮርፍ ነበር። እሱ ማሊያውን አጣጥፎ አመጣልኝና “ሚስ አዜሊ፣ ሃምሳ ዘጠኙም ያው ይሞቃል” አለኝ። በነዚህ እጆቼ ቁጥሩን ፈትቼ፣ ለሱ በልኩ ሌላ ሰፋሁለት። ጀርባ ላይ ስም እንደማንጽፍ ደግሞ ታውቂያለሽ። አንዱ ማሊያ ለስንቱ ልጅ ይተላለፋል፣ የስንቱን ስም ስፈታ ልኖር ነው?

ስለዚህ እኚያ ሰው ስምንት ጨዋታ ሙሉ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩት… ማሎይን ነው። ዝንብ እንኳ የማይነካ ልጅ፣ ማሎይ። ሰው መግጨት አይወድም፣ ማንን ጎድቶ ያውቃል? ሁለቱን ለመለየት እኮ ብዙ ጥበብ አይጠይቅም። ማሎይ እግሩ ቅስት ነው፣ ከሥሩ ፍየል ታልፋለች። ሮኔል ቀጥ ያለ ነው፣ በር አይበቃውም። መጋቢት ላይ የሮኔልን ቁመት እስከ ጣት ጫፉ ለክተውታል፣ ፊልሙ ላይ ያ ቁመት የት ገባ ብለው አልጠየቁም። ሰውየው ግን ፊልሙን ያዩት ያችን የነሐሴ ዝርዝር ይዘው ነው፣ በታተመ ነገር ያምናሉ። የታተመውን ያከብራሉ፣ ዓይናቸው ሌላ ቢነግራቸውም አይሰሙትም። እምነት ማለት ይሄ አይደለም?

የሚያስቀው ደግሞ ሌላው ነው። በዚያው ፊልም ላይ ሃምሳ ዘጠኙን አይተው ፈዘዋል። “ይሄ ማሎይ የሚባለው ልጅ ሦስት ሰው ተሸክሞ አራተኛውን ይጥላል” ብለው ጻፉ። ከዚያ ከትልልቆቹ አንዱ ክለብ ለማሎይ ስልክ ደወለለት። ልጁ ደንግጦ ወደኔ ሮጠ፣ “ሚስ አዜሊ፣ እኔ እኮ ጥርስ ሐኪም ነው የምሆነው፣ የመግቢያ ፈተናውን አልፌያለሁ፣ ምን ፈልገው ነው?” ይለኛል። በልኬቱ ቀን እንኳ ያንን ፈተና ሲፈተን ነው የቀረው። “እኔ አይደለሁም፣ ሮኔል ነው” ብሎ ለእኚያው መልማይ ነገራቸው። ታዲያ ምን አሉ መሰለሽ? ወረቀቱ ላይ “ትሁትም ነው” ብለው ጨመሩለት።

አሰልጣኙማ ደወለላቸው እንጂ፣ ዝም ብሎ የሚቀመጥ መሰለሽ? ሦስት ጊዜ ደወለ። ቁጥር ተቀያይሯል፣ ፊልሙን ድጋሚ እዩልኝ ብሎ ለመነ። “አሰልጣኝ ሁሉ ለልጁ ይዋሻል፣ እኔ ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነኝ፣ ወረቀቱን ዘግቻለሁ” አሉት። ቆራጥ ናቸው። ቃላቸውን አያጥፉም፣ ያሳሳታቸውን ቃል እንኳ ቢሆን። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል? እኔ ብሆን ኖሮ ተሸማቅቄ አንዲት መስመር እሰርዝ ነበር። እሳቸው ግን የሰው ልጅ ቅዳሜ ማታ ቴሌቪዥን ዘግቶ ቦቲውን ቢያወጣ ነው የሚሻላቸው፣ እስክሪብቷቸው ክብሯ እንዳይነካ።

ደግሞ አንዲት መስመር ናት እኮ። ዛሬ ሰኞ ነው፣ እስከ ሐሙስ ስልክ ይሠራል፣ እጅ ይሠራል። ማን የትኛውን ቁጥር ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደለበሰ በእጄ የጻፍኩት ወረቀት እዚያው ማጠቢያው ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። በሩ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው። ከዚህ ወጥቶ ወደ ግራ፣ ሦስተኛው በር። ለማን ነው የምናገረው ትይኛለሽ? ላንቺ ነዋ፣ አርጅተሻል፣ መንገዱን ረስተሽው ይሆናል ብዬ ነው። ማሽኑ ላይ ለመቀመጥም እኔ አልከለክልም፣ ጠርጌዋለሁ።

እንዴ፣ እንግዳችን ተነሡ? ሩዙን ሳይጨርሱ? ምን አስቀየምናቸው ክሎቲል? እኛ እኮ ስለ ሌላ ሰው ነው የምናወራው። ይሂዱ በሰላም፣ መንገዳቸው ረጅም ይሆናል… ስልካቸውን ሲያነሡ ፎቶውን አየሽው? የፊት ጥርሱ የወለቀ ልጅ፣ ትከሻው ድረስ የሚወርድ ሄልሜት አጥልቆ። ሲያምር። ልጃቸው መሆን አለበት፣ አገጩ ያው ነው።

አይ፣ እንግዳችን ወደ ቀኝ ታጠፉ። ወደ መኪናው ነው። እንግዳ ሰው መንገዱን በምን ያውቃል።

በሩን ግን ሳትዘጊው ያዢልኝ፣ ሙቀቱ ይውጣ። ስለዚያ ስማቸውን ስለማልጠራው ሰውዬም በሆዴ ቂም የለም፣ ሳልመርቃቸው ወደ ሥራዬ አልመለስም። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ከክፉ ሁሉ ይጠብቃቸው፣ ዓይናቸውንም ይጠብቅላቸው፣ ገና አልተሠራበትም። ልጅ ካላቸው ይደግላቸው፣ ከአባቱ የበለጠ ሰው ይሁን። በጉልበቱ ጎበዝ፣ በጠባዩ የተመሰገነ፣ ቁጥሩን ቢጠይቁት አጣጥፎ የሚሰጥ ልጅ ያድርግላቸው። ያ ልጅ አንድ ቀን በቁምጣ ተሰልፎ፣ አባቱ ከዳር ቆሞ እያየው፣ ዕድሉ በአንድ ሰው እጅ ሲወድቅ ደግሞ… ያ ወረቀቱን የሚጽፍለት ሰው ልክ እንደ አባቱ ያለ ሰው ይሁንለት። አሜን በይ እንጂ ክሎቲል።