ስለ ኑግና ለውዝ ልጥልጥ በቡሬ መንገድ የተደረገ ክርክር

ጣልያን አገሩን በያዘ በሦስተኛው ዓመት፣ እመት አስካለ ማርያም ከቡሬ በታች ካለችው መንደራቸው ተነሥተው ቅቤ በቅል ይዘው ወደ ፍኖተ ሰላም ገበያ ሲሄዱ፣ ወንዙ ማቋረጫ ላይ ገብረ ሕይወት የሚባል የጎረቤታቸው ልጅ አገኛቸው። ከጦርነቱ በፊት አዲስ አበባ ሐኪም ቤት እያገለገለ ትምህርት ቀምሶ ነበር፤ አሁን ከተማው ከፍቶበት ወደ አባቱ ቤት መመለሱ ነው።

ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና «እግዚአብሔር ያጥናዎ» አላቸው። የልጅ ልጃቸው እታለም ከሞተች አርባዋ ገና አልወጣም። አባትና እናቷ መንደሩ በተቃጠለ ጊዜ አልቀዋል። ለአሮጊቷ የቀራቸው የሦስት ዓመቱ ወንድሟ አድማሴ ብቻ ነው፤ እሱም እግሩ ከስቶ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ መቆም አቅቶታል።

«ቅቤው ለገበያ ነው፣ እመት?»

«በቸኮላታ ልለውጠው ነው። ከጣልያኑ ሱቅ ያለው ጥቁር ጣፋጭ። የፈረንጅ ልጆች እሱን በልተው ነው የሚወፍሩት ይላሉ። እታለምም ከቀመሰችው ወዲያ ሌላ እህል እንቢ ብላ ነበር።»

ገብረ ሕይወት ቅሉን አየት አደረገ። «አይቀየሙኝና፣ እዚያ ሱቅ የሚሸጠው አብዛኛው ስኳር ነው። ለጊዜው ያጠግባል፤ ሥጋ ግን አይሆነውም። ቅቤው ከልጁ አፍ ወጥቶ በስኳር መለወጡ ነው።»

«ታዲያ ምን ላብላው?»

«ኑግ ከቤትዎ አይጠፋም። ለብ ለብ አድርገው አምሰው ይውቀጡትና በወንፊት ይንፉት። ከመተከል ነጋዴዎች ለውዝ አግኝተው ቆልተው ይላጡ። ሁለቱን አንድ ላይ እንደ ቅቤ እስኪልሰልስ ይፍጩ። ማር ለማጣፈጥ ያህል ብቻ ጠብ ያድርጉበትና ቂጣ ላይ ቀብተው ይስጡት። መልኩም ከቸኮላታው አይለይም።»

አሮጊቷ ከፋቸው። «የኑግ ፋጉሎ ለከብት የሚሰጥ ነው። እናቱ ከመቃብር ቀና ብትል፣ ወላጅ የለውም ብላ እንደ ጥጃ ቀለበችው አትለኝም?»

«ፋጉሎ የበላ በሬ እኮ ቀኑን ሙሉ አርሶ ይውላል። የፈረንጁም ቸኮላታ ቢሆን የዛፍ ፍሬ ተቆልቶ የተፈጨ ነው፤ የሚያስከብረው የተጠቀለለበት ወረቀት ነው።»

እመት አስካለ ማርያም የቅቤውን ቅል አውርደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«እታለምን የገደልኋት እኔ ነኝ በለኛ» አሉ ቀስ ብለው።

«በሽታዋን አላየሁም፤ ያላየሁትን አልናገርም። እርስዎ ያለዎትን ሁሉ ሰጥተዋታል። የአድማሴ ሕይወት ግን ገና በእጅዎ ነው።»

የወታደር ካሚዮን አቧራ እያስነሣ አለፈ። አቧራው ሲሰክን አሮጊቷ ተነሥተው ፊታቸውን ወደ ቤታቸው መለሱ። አምነው አልነበረም፤ ለመከራከር አቅም አጥተው ነው። ብዙ ሰው ደግሞ አዲስ ነገር የሚቀበለው እንዲሁ ነው።

የኑግና ለውዙን ልጥልጥ ባቀመሱት በመጀመሪያው ቀን አድማሴ አልቅሶ ተፋው፤ በሦስተኛው ላሰው። የገና ጾም ሊያልቅ ሲል ግድግዳ ይዞ ቆመ። አሮጊቷ እልል አላሉም፤ ምሰሶውን ተደግፈው ለብቻቸው አለቀሱ።

በሳምንቱ ጎረቤታቸው ሀብትነሽ የከሳች ልጇን አዝላ፣ አድማሴን ምን አብልተው እንዳቆሙት ልትጠይቅ መጣች። ኑግ መሆኑን ስትሰማ ፊቷን አጠቆረች።

«እኔም እንዳንቺ ብዬ ነበር» አሉ እመት አስካለ ማርያም። «ከገዛ ማሳሽ የሚገኝ ነው፤ የጠላት ሱቅ ደጅ አያስቆምሽም። ጉልበት ይሆናል። ማሩን ካሳነስሽው ጥርስ አይጎዳም። ቅቤሽም ለልጅሽ ይቀራል።»

«እንግዲህ ከጥምቀት በኋላ እሞክረው ይሆናል።»

አሮጊቷ ዘነዘናውን አንሥተው በእጇ አስያዟት።

«አሁን ጀምሪ። እኔ ይህን የሰማሁት ከቀብር በኋላ ነው።»