ወተት የማትነካው የፈረንጅ ልጅ

ከሰቆጣ ወደ ኮረም በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት አሮጊት አጠገባቸው ያለችውን ወጣት በጥያቄ አጣደፏት።

«የት ነው የምትሠሪ?»

«ሃይማኖት ሊያስተምሩ ከመጡት ፈረንጆች ቤት ነው፣ እማማ።»

«ልጅ አላቸው?»

«አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ አለቻቸው። ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትጫወት ነው የምትውለው።»

«ምን ትበላለች?»

«ያገኘችውን። ረቡዕና ዓርብ ግን ወተት በፍጹም አትነካም።»

«ምነው፣ ያማታል?»

«ኧረ ጾም ነው እያለች ነው።»

«ውይ! እኛ እንኳ ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ አናስጾምም። ማን አስተማራት?»

«ጓደኞቿ ናቸዋ!»

«እናትዮዋስ አልተቆጣችም?»

«መጀመሪያ ተቆጥታ ነበር። ባለፈው ዓርብ ግን እሷም ሻይዋን ያለ ወተት ጠጣች።»

ዕለቱ ዓርብ ነበርና መላጥ የጀመርኩትን የተቀቀለ እንቁላል ቀስ ብዬ ወደ ፌስታሉ መለስኩት።