የዲቪ ኪሎ

ፌርፋክስ ላይ በአውቶቡስ ስሄድ አንድ ጎልማሳ አጠገቡ የተቀመጡትን ሽማግሌ ሲያማክራቸው ሰማሁ።

"ጋሼ፣ ለኃይለኛ ወንዝ የሚሆን ካያክ፣ ያቺን የአንድ ሰው ጀልባ፣ ኦርደር አድርጌ ጠበበኝ።"

"ሳይዙን በምን መረጥክ?"

"በክብደት ነው። ሃምሳ ስምንት ኪሎ ብዬ ሞላሁ።"

"የትኛው እግርህ ነው ሃምሳ ስምንት?"

"ለዲቪ ሜዲካል ስመረመር የተመዘንኩት ነዋ!"

"ስንት ዓመቱ ነው?"

"አሥራ አንድ። ግን ተጨናንቄ እገባለሁ። ቅዳሜ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ወንዝ ልንወርድ ነው።"

"መግባቱስ ይሁን፤ ሲገለበጥ ማን ጎትቶ ሊያወጣህ ነው? መልሰህ ትልቁን እዘዝ።"

"ሶ ትክክለኛውን ኪሎ ልጽፍ? ባለቤቴ ታየዋለች እኮ!"

"እስከ ዛሬ አንተን አይታህ አታውቅም?"

እኔም መንጃ ፈቃዴን አወጣሁና ክብደት የሚለው ጋ ያለውን ቁጥር አይቼ ቶሎ ኪሴ ከተትኩት።